የተፈታ ሰው የማን ነው?

ጅማ ውስጥ አንድ ወጣት ለጓደኛው ይደውልና «ዛሬ ፍሪ ነህ?» ይለዋል። ጊዜ አለህ ወይ ማለቱ ነው። ተገናኝተው አብራቸው ስለምትማር አንዲት ልጅ ሲያወሩ «እሷ ፍሪ ናት» ይባባላሉ፤ ሰው አትፈራም፣ ተጫዋች ናት ለማለት። ቡናቸውን ጠጥተው ሊከፍሉ ሲነሡ የቡና ቤቷ ባለቤት የምታውቃቸው ከሆነ «ተዉት፣ የዛሬው ፍሪ ነው» ትላቸዋለች። በአንድ ከሰዓት፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሦስት ሥራ ሠራ።

በተወለደበት አገር ደግሞ ሥራው ከዚህም ይበዛል። ስኳር የሌለበት ለስላሳ፣ ሲጋራ የማይጨስበት ክፍል፣ ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ፣ ሰው ያልያዘው ወንበር፣ ጌታ የሌለው ሰው፣ ሁሉም በዚሁ ቃል ይጠራሉ። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ባለሙያ ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 እ.ኤ.አ. ማንም ሊያየው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላ ሊያካፍለው የሚችል ሶፍትዌር የመሥራት ንቅናቄ ሲጀምር በዚህ ቃል ሰየመው። ሰሚው ሁሉ ገንዘብ የማይጠየቅበት ማለቱ መሰለው። ስቶልማን የማወራው ስለ ነጻነት ነው፣ ስለ ዋጋ አይደለም እያለ ሲያስረዳ ዓመታት አለፉ።

አፋን ኦሮሞ ይህ ችግር የለበትም። ያለ ዋጋ የሚሰጠው «ቶላ» ነው፤ ጌታ የሌለበት ሰው «ቢሊሳ» ነው። ሁለቱን የሚያምታታ የጅማ ገበሬ አይገኝም። አማርኛ ግን በዚህ ነገር ከእንግሊዝኛ ጋር ይመሳሰላል። ነጻ ሰው እንላለን፣ በነጻ ወሰድኩ እንላለን፣ ከቀረጥ ነጻ እንላለን፣ ተከሳሹ በነጻ ተሰናበተ እንላለን። የአራቱም ሥር ንጽሕና ነው። በግዕዝ «ነጽሐ» ማለት ጠራ፣ ጸዳ ማለት ነው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ለምጻሙ ሲድን ነጻ ይባላል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ስለ ነጻነት ሲያስብ፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ እድፍ የለቀቀ ነገር ያያል። ቀረጥ አልነካውም፣ ወንጀል አልነካውም፣ የሌላ ሰው እጅ አልነካውም።

የእንግሊዝኛውን ሥር የመረመሩ ሊቃውንት የደረሱበት ግን ሌላ ቦታ ነው። «ፍሪ» እና ወዳጅ ማለት የሆነው «ፍሬንድ» ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ ሥሩም መውደድ ነው። በሳንስክሪት ተወዳጅ ማለት የሆነው «ፕሪያ» የሩቅ ዘመዳቸው ነው። በጥንታውያን ጀርመናውያን ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ይኖር ነበር፤ አንደኛው የቤቱ ወገን የሆነ፣ የሚወደድ ሰው፣ ሌላው የተገዛ ወይም የተማረከ። «ፍሪ» የሚባለው የመጀመሪያው ነበር። ሮማውያንም ነጻውን ሰው «ሊበር» ሲሉ የቤት ልጆችን «ሊበሪ» ይሏቸው ነበር። ለእነዚያ ሰዎች ነጻ ማለት ከማንም ያልተያያዘ ማለት አልነበረም። ቤተኛ ማለት ነበር።

ከእነዚህ ሁለት ሥሮች የትኛው እውነቱን ይዟል? ንጹሕነት ነው ወይስ ቤተኝነት? ጥያቄው የመዝገበ ቃላት ሊመስል ይችላል። ጅሬን ላይ ቆሞ ለሚጠይቀው ግን የሰው ሕይወት ጥያቄ ነው።

ጅሬን ከጅማ መሐል ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ያለች ኮረብታ ናት። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የጅማ ንጉሥ የነበሩት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እዚያው ነው፤ በእንጨት የተሠራ፣ ሰፊ በረንዳ ያለው፣ መስጊድ አጠገቡ ያለ። ከኮረብታው በታች ሂርማታ የሚባለው ገበያ ነበር። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከነበሩት ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ነው። ቡና፣ ማር፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ጨርቅ በአሞሌ ጨውና በማርትሬዛ ይሸጥና ይገዛ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር። ከከፋ፣ ከዳውሮና ከሌሎች የደቡብ አገሮች የተያዙ ሰዎች በአፍቃላ ነጋዴዎች እየተነዱ፣ ዓባይን ተሻግረው እስከ ጎጃም፣ ከዚያም አልፈው እስከ ቀይ ባሕር ወደቦች ይደርሱ ነበር። አባ ጅፋር በብልሃታቸውና በእናታቸው በጌኔ ጉሚቲ ምክር ከምኒልክ ጋር ሳይዋጉ ተስማምተው አገራቸውን ከጥፋት ያዳኑ ንጉሥ ናቸው፤ ይህ ይመሰገንላቸዋል። የገበያውም ነገር የታሪካቸው ክፍል ነውና ከምስጋናው ጋር አብሮ ይነገራል።

በገጠራችን፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ እንግዳ ሰው ሲመጣ የሚቀድመው ጥያቄ «የማን ነህ?» ነው። መልሱ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። የእገሌ ልጅ ነኝ ሊል ይችላል። በዚያ ዘመን ቢሆን ደግሞ የእገሌ ባሪያ ነኝ ሊል ይችላል። «የ» የምትለዋ ፊደል በሁለቱም አለች። ጨዋውም ባሪያውም የሰው ነው፤ ልዩነቱ ከ«የ» በኋላ የሚመጣው ነው። ዛሬ ጨዋ የምንለው አደበኛውን ሰው ነው፤ በድሮው አማርኛ ግን የባሪያ ተቃራኒ ነበር።

ሂርማታ ላይ ሰው ሲሸጥ መጀመሪያ የሚወሰድበት ያ መልስ ነው። የሚሸጠው ልጅ ከአባቱ፣ ከአያቱ፣ ከጎሳው፣ ከመንደሩ ተቆርጦ ይመጣል። ማንም አይጠይቅለትም፤ ቢሞት ለቅሶ አይደረስለትም፤ ቢወልድ ልጁ በስሙ አይጠራም። የጃማይካ ተወላጁ ሶሲዮሎጂስት ኦርላንዶ ፓተርሰን በ1982 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሰፊ ጥናት ባርነትን ማኅበራዊ ሞት ብሎ የሰየመው ይህን አይቶ ነው። ዱላና ሰንሰለት የትም አለ፤ ወታደርም ይገረፋል፣ እስረኛም ይታሰራል። ባሪያን ባሪያ የሚያደርገው ከትውልድ ሐረጉ መቆረጡ ነው ይላል ፓተርሰን። አሜሪካዊው ኸርበርት ሌዊስ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ጅማ አባ ጅፋር መንግሥት ባሳተመው መጽሐፍ ከንጉሡ ባሮች መካከል የሥልጣን ቦታ ይይዙ የነበሩ እንዳሉ አስፍሯል። ይህ ብዙ ያስተምራል። ሰው ሥልጣን ኖሮት፣ ለብሶና ጠግቦ፣ ነገር ግን ባሪያ ሊሆን ይችላል። ንጉሥም በእንዲህ ያለ ሰው የሚተማመነው ሌላ ወገን ስለሌለው ነው።

እዚህ ላይ ነው ሃይማኖት የሚገባው፤ ነገሩንም የሚያከብደው። ጅማ ውስጥ አብዱ የሚባል ሰው ጎረቤቱ ገብሬ ሊሆን ይችላል። የሁለቱም ስም ትርጉሙ አንድ ነው። አብደላ የአላህ ባሪያ፣ ገብረ እግዚአብሔር የእግዚአብሔር ባሪያ። ሁለቱም ቤተሰቦች ልጃቸውን የሚያከብሩት ባሪያ ብለው በመሰየም ነው። ጳውሎስ ራሱን የክርስቶስ ባሪያ እያለ ይጽፋል። ሱፊው ሊቅ አል ቁሸይሪ በ11ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው ድርሳን ስለ ነጻነት አንድ ምዕራፍ መድቦ፣ እውነተኛ ነጻነት ለአላህ ፍጹም ባሪያ መሆን ነው ብሎ ያስተምራል፤ የአላህ ብቻ የሆነ ሰው የሌላ የማንም አይሆንምና።

ይህ ትምህርት ጥልቅ ነው። አደጋም አለበት። ባሪያ የሚሸጠውም ጌታ እኮ ይሰግድ ነበር፣ ይጾም ነበር፣ ይቆርብ ነበር። ፍትሐ ነገሥት ሰው በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን፣ ለሌላው እንዲገዛ ያደረገው ጦርነት መሆኑን ይናገራል፤ ወዲያው ግን ባሪያ እንዴት እንደሚገዛና እንደሚለቀቅ ይደነግጋል። የእስልምና ሕግ ሊቃውንትም የሰው መነሻው ነጻነት ነው የሚል መርሕ አላቸው፤ ባርነትን ግን አልሻሩትም፣ ሥርዓት አበጁለት። ሁለቱም ሕጎች እውነቱን አውቀውት ነበር ማለት ነው። እውነቱን ያወቁ ሰዎች ሂርማታ ወርደው ዋጋ ተነጋግረዋል። ሁላችን የአምላክ ባሮች ነን የሚለው ቃል ከገዥው አፍ ሲወጣና ከተሸጠው ልጅ አፍ ሲወጣ ሚዛኑ አንድ አይደለም። ከገዥው አፍ ሲወጣ ማደንዘዣ ሊሆን ይችላል። ከልጁ አፍ ሲወጣ ግን አመፅ ነው፤ አንተ ጌታዬ አይደለህም ማለት ነውና። ኡመያ የሚባለው ጌታው በትኩስ አሸዋ ላይ አጋድሞ፣ ደረቱ ላይ ድንጋይ ጭኖ ሲያሠቃየው አንድ አምላክን ብቻ የጠራው ቢላል፣ እናቱ ሐበሻ የነበረችው ያ ሰው፣ ቃሉን በዚህ መንገድ ነው የተጠቀመበት። አቡ በክር ገዝቶ ነጻ አወጣው፤ የመጀመሪያው ሙአዚንም ሆነ። ዛሬ ጅማ ውስጥ ስሙን የተሸከሙ ልጆች ብዙ ናቸው።

አማርኛ ለዚህ ሁሉ ከ«ነጻ» የተሻለ ቃል አለው። እሱም «ፈታ» ነው። እስረኛ ይፈታል። የታሰረ በሬ ይፈታል። ትዳር ይፈታል። ሕልም ይፈታል፣ እንቆቅልሽ ይፈታል። ካህኑ ለተናዛዡ እግዚአብሔር ይፍታህ ይለዋል፤ ለሞተ ሰው ፍትሐት ይደረጋል። የቃል ትርጉም ፍቺ ይባላል። ፍትሕ የምንለውም፣ ፍትሐ ነገሥት የሚለው ስም ራሱም፣ ከዚያው ሥር ናቸው። በአፋን ኦሮሞም «ሂኩ» የሚለው ግስ መፍታትም መተርጎምም ነው። የቁርኣን ዐረብኛም ባሪያ ማስለቀቅን አንገት መፍታት ይለዋል፤ ሳያስበው ሰው የገደለ፣ መሐላውን ያፈረሰ ሰው ከሚታዘዝባቸው ካሳዎች አንዱ ይኸው ነው። ሦስቱም ቋንቋዎች አንድ ነገር አይተዋል። የታሰረ ነገር አለ፤ ቋጠሮውን የሚፈታ እጅ ያስፈልጋል።

ይህን ቃል በስማቸው የተሸከሙ ሰው ነበሩ። በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ የተወለዱት ሂካ በልጅነታቸው ተሰርቀው፣ ከጌታ ወደ ጌታ ተሸጠው፣ ምጽዋ ላይ በ1870 እ.ኤ.አ. ነጻ ወጡ። በስዊድን ሚሲዮን ተምረው ሲጠመቁ ኦኔሲሞስ ተባሉ። ስሙ ከአዲስ ኪዳን ነው፤ ጳውሎስ ለጌታው ለፊልሞና ወንድም አድርገህ ተቀበለው ብሎ የጻፈለት ያ ባሪያ። ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ ተረጎሙ፤ በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። የተፈቱት ሰው በተራቸው ቃል ፈቱ።

ብቻቸውን ግን አልሠሩትም። ከጅማ ጎረቤት ከሊሙ፣ ዛሬ በቡናዋ ስሟ ከሚነሳው ከዚያች አገር፣ የመጡ አስቴር ጋኖ የሚባሉ ሴት አብረዋቸው ነበሩ። አስቴር በሊሙ ንጉሥ እጅ ባሪያ ሆነው ነበር። በ1886 እ.ኤ.አ. በባሕር ወደ ዐረብ ምድር ሲወሰዱ የጣልያን መርከብ አስጥሎ ወደ ምጽዋ አደረሳቸው፤ እምኩሉ በሚባለው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ያኔ ዕድሜያቸው 14 ዓመት ገደማ ነበር። እንግዲህ ይህችን ልጅ ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሰንሰለት የለባትም። ጌታ የላትም። በአማርኛው ፍቺ ፍጹም ነጻ ናት፤ ምንም አልነካትም። በጥንቱ የእንግሊዝኛ ፍቺ ግን ገና ነጻ አልወጣችም። የማን ነሽ ብትባል የምትመልሰው የላትም፤ ቀይ ባሕር ዳር፣ አፏን በፈታችበት ቋንቋ የሚያናግራት ሰው በማይበዛበት አገር ቆማለች።

ያደረገችው ምንድን ነው? ቃል መሰብሰብ ጀመረች። ከልጅነቷ የምታስታውሰውን፣ ከሌሎች ከተፈቱ ኦሮሞዎች አፍ የሰማችውን እየጻፈች ወደ 15 ሺህ የሚደርሱ የኦሮምኛ ቃላት አከማቸች። ተረቱን፣ እንቆቅልሹን፣ ዘፈኑን ጻፈች። ለትርጉሙ ሥራ ቋንቋውን ያቀረበችው በአብዛኛው እሷ ናት፤ ስሟ ግን በሽፋኑ ላይ አልወጣም። በ1904 እ.ኤ.አ. ከእነ ኦኔሲሞስ ጋር ወደ ወለጋ ተመልሳ ነቀምት አስተማረች። የተወሰደባትን ወገን፣ ማንም ሊሰጣት ባይችል፣ ቃል በቃል መልሳ ሠራችው።

ኦሮሞ ለዚህ ሥርዓትም ነበረው። ባዕድ ልጅን የራስ ልጅ አድርጎ ማሳደግ ጉዲፈቻ ይባላል፤ ባዕዱን ሰው ወይም ወገን በጎሳው ስም ጠርቶ ማቀፍ ሞጋሳ ይባላል። ጉዲፈቻ ዛሬ የአገሪቱ የቤተሰብ ሕግ የሚጠቀምበት የአማርኛ ቃል ሆኗል። የእስልምና ሕግም የተለቀቀውን ሰው ሜዳ ላይ አይጥለውም፤ ከለቀቀው ሰው ጋር ዝምድና መሰል ትስስር ያቆይለታል። የዐረብኛው «መውላ» ለዚህ ነው ጌታንም፣ ነጻ የወጣውንም፣ ወዳጅንም የሚያመለክተው። ነቢዩ ሙሐመድ ነጻ ያወጡት ዘይድ፣ አባቱ ፈልጎት መጥቶ የፈለገውን እንዲመርጥ ሲጠየቅ ከነቢዩ ጋር መቅረትን እንደመረጠ ይተረካል።

በዘይድ ታሪክ ውስጥ ነገሩን የሚፈታው መምረጡ ነው። ጌቶች ሁልጊዜ «እሱማ እንደ ልጄ ነው» ይላሉ፤ ሂርማታም ተብሏል፣ አዲስ አበባም ተብሏል፣ ዛሬም የቤት ሠራተኛዋን ደመወዝ የሚከለክል ይለዋል። መለኪያው እንግዲህ ይህ ነው፦ ቋጠሮውን ከውስጥ ሆኖ መፍታት የሚችለው ማን ነው? መሄድ እየቻለ የቀረ የቤት ልጅ ነው። መሄድ የማይችል፣ ጠግቦ ቢያድርም፣ ንብረት ነው። የአምላክ ባሪያ መሆን ክብር የሚሆነውም፣ ሁለቱም ሃይማኖቶች እንደሚያስተምሩት፣ አማኙ በፈቃዱ ሲሰግድ ነው። ነጻ ፈቃድ የሌለበት ስግደት በየትኛውም መጽሐፍ ዋጋ የለውም።

ያለ ዋጋ የሚለውም ፍቺ ቢሆን ከዚህ አይርቅም። የድሮው አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በነጻ የሚለውን «በከንቱ» ይለዋል፤ ዛሬ ያ ቃል የማይረባ ማለት ሆኗል። ዋጋ የሌለው ነገር ጥቅም የሌለው መስሎ የታየን ይመስላል። ጅማ ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ ግን ሌላ ነገር ይታያል። ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ቡናው በብረት ምጣዱ ላይ ሲንጣጣ ጭሱ በየሰዉ አፍንጫ ሥር ይዞራል። ልጅ ተልኮ ጎረቤት ይጠራል። አቦል ይቀዳል፣ ቶና ይከተላል፣ በረካ ሳይጠጣ የሚነሣ የለም። ማንም አይከፍልም። ሆኖም እዚያ የተቀመጠ ሁሉ ነገ በተራው ይጠራል፤ የታመመውን ይጠይቃል፤ የሞተበትን ያስተዛዝናል። ቶላ ነው፤ ግን ያስተሳስራል። ቡና የማይጠራው ሰው ነው እውነተኛው ብቸኛ።

ሕጉ ሥራውን ሠርቷል። ኢትዮጵያ መስከረም 1916 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት አዋጅ ወጣ። ነሐሴ 1934 የወጣው አዋጅ ባርነት በሕግ ፊት ጨርሶ እንዳይኖር አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ18ኛው አንቀጹ ይከለክለዋል። አዋጅ ጌታን ማንሣት ይችላል። ወገን መስጠት ግን አይችልም። በጋሞ ደጋና በሌሎች የደቡብ አካባቢዎች የኖሩ አጥኚዎች፣ አዋጁ ከወጣ ከአሥርት ዓመታት በኋላም የባሪያ ዘር የሚባሉ ሰዎች በጋብቻ እንደሚገለሉ መዝግበዋል። አያታቸው ተፈቱ፤ እነሱ ገና ቡና አልተጠሩም።

ሂርማታ ዛሬም በጅማ አለ፤ ሂርማታ መርካቶ፣ ሂርማታ መንቲና የሚባሉ ቀበሌዎች ስሙን ይዘውታል። ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው ያልፉበታል። ያ የድሮ ጥያቄ ግን በገበያው ላይ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው በየቤቱ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ በር ዘግቶ፣ የልጁን ወይም የልጅቷን ሰባት ቤት ለመቁጠር ሲቀመጥ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ግን እነሱ የማን ናቸው?» ይላል። አዋጁ እዚያ ክፍል አይገባም፤ የሚገቡት እርስዎ ነዎት። እዚያ ከተቀመጡ፣ ቆጠራውን እዚያው ያስቁሙ።